ለመክሊት ያስቀመጥሽው ድምፅ

ትርሲትዬ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። የሙት ዓመትሽ ከወጣ ወዲህ ሰው ሁሉ «እንግዲህ በርታ» ብሎኝ ወደየቤቱ ገብቷል፤ እኔም በርትቻለሁ እያልኩ ሰንብቻለሁ። ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል፣ አንቺን ግን ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ስለዚህ ሳልዞር ጥፋቴን ልንገርሽ። ለመክሊት ብለሽ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያስቀመጥሽው ድምፅ ጠፍቷል። አሥራ አንዱም። ያጠፋሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

አትቆጪኝ አልልሽም። ብትቆጪኝ ደስ ባለኝ። የሚቆጣኝ ሰው ባጣ ነው እዚህ የደረስኩት።

ቤታችን ከውጭ ሲያዩት ያው ነው። ሰፈራችን ከዚራም ያው ነው፣ የዛፉ ጥላም፣ የቀትሩ ዝምታም። ውስጡ ግን ሌላ ሆኗል። ብርጭቆዎቹን ከላይኛው መደርደሪያ አውርጄ እጄ የሚደርስበት ሁሉ ደርድሬያቸዋለሁ፤ ብታዪው ታብጃለሽ። ውኃ በመጣ ቀን በርሜሉን መሙላት እረሳና ሁለት ሦስት ቀን ጄሪካን ይዤ ጎረቤት ስለምን እከርማለሁ። በሳምንት ስድስቱን ቀን ፓስታ ነው የምበላው። ዓርብ ዓርብ ጓደኛሽ ፋጡማ በግንቡ ላይ ሩዝ ታቀብለኛለች፤ ሳህኑን ሳልመልስ እቆይና ትሰድበኛለች። እሷ ስትሰድበኝ ቤቱ በመጠኑ ቤት ይመስለኛል።

ትልቁ ወሬ ግን የመክሊት ነው። ልጃችን ነፍሰ ጡር ናት፣ ቀኗም ደርሷል። ከአዳማ ደውላ «እናቴ ቤት ነው የምወልደው» አለችኝ። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል፣ ደንቡ ነው፤ እናት የሌለችበት የእናት ቤት ግን እንዴት እንደሚሆን የነገረኝ የለም። ነይ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ዓይኔ የሄደው ወደ ኮምፒውተሩ ነው። ቢያንስ አንቺ እዚያ ውስጥ አለሽላት ብዬ ተጽናናሁ።

መቼም ታስታውሻለሽ። ሐኪሙ ያንን ከነገረን በኋላ፣ ቁጭ ማለት በቻልሽባቸው ሁለት ወራት፣ ከምሳ በኋላ ከተማችን ድሬ ሱቋን ዘግታ ስትጋደም አንቺ ኮምፒውተሩ ፊት ትቀመጪ ነበር። ማይክራፎን ያለውን የጆሮ ማዳመጫ ታጠልቂና እኔን ከክፍሉ ታስወጪኛለሽ። ድምፅ ያስገባል ብለሽ ቬንትሌተሩን ታስጠፊኛለሽ፣ መስኮቱንም ታዘጊኛለሽ። ያውም በግንቦት። እኔ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ በግድግዳው በኩል ስትናገሪ እሰማለሁ፤ ቃሉ አይለይም፣ የድምፅሽ ከፍና ዝቅ ማለት ብቻ ነው የሚመጣው። አንዳንዴ ትስቂያለሽ። አንድ ቀን አልቅሰሻል መሰለኝ። ስትወጪ ሻሽሽ በላብ ርሶ ነው። ምን አልሻት ብዬ ስጠይቅሽ ላንተ አይደለም ትይኝና እኔም በገዛ ልጄ እቀና ነበር። የመጨረሻውን የጨረስሽ ዕለት እጄን ይዘሽ፣ «መክሊት ስትወልድ ክፈትላት። እስከዚያ እንዳትነግራት» አልሽኝ። እሺ አልኩሽ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጊዜ ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አልሰማሁትም። ለኔ ስላልተባለ ነው እያልኩ ራሴን አታልል ነበር፤ እውነቱ ፈርቼ ነው። ድምፅሽን ሰምቼ ዞር ስል ወንበሩ ባዶ ሆኖ እንዳላገኘው ፈራሁ። በሰፋሽለት ጨርቅ እንደተሸፈነ ትቼው ኖርኩ።

ሠላሳ ዓመት በጉምሩክ ሥራ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድ ዲክላራሲዮን፣ አንድ የዕቃ መግለጫ ቅጽ፣ በአንድ ቅጂ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ዋናው ለመዝገብ ቤት፣ ሁለተኛው ለባለዕቃው፣ ሦስተኛው ለበሩ ጥበቃ። ጣቴ በካርቦን ጠቁሮ ስገባ አንቺ ነሽ በሎሚ አሽተሽ የምታስለቅቂልኝ። ለሰው ጨርቅና ለሰው ጎማ ሦስት ሦስት ቅጂ ሳወጣ የኖርኩ ሰው፣ ለሚስቴ ድምፅ አንድ ቅጂ አላወጣሁም።

ደግሞ ልታስተምሪኝ ሞክረሽ ነበር። ጡረታ የወጣሁ ሰሞን አጠገብሽ አስቀምጠሽኝ ማውሱን ስታስይዢኝ፣ ቀስቷ ወደ ላይ እንድትሄድ ብዬ ማውሱን ከጠረጴዛው ወደ ላይ አነሳሁት። ዓይንሽ እንባ እስኪያዝል ሳቅሽ። የስንቱን ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የተየብሽ ሴት፣ ስንቱን የሥራ ማመልከቻ ያሳመርሽ፣ ለባልሽ ሲሆን ትዕግሥትሽ በሦስት ቀን አለቀ። እኔም አኮረፍኩና ተውኩት። ምናለ ባላኮረፍኩ እላለሁ አሁን።

መክሊት እሑድ ልትመጣ ሐሙስ ጠዋት ጨርቁን ገለጥኩት። አቧራውን ጠራርጌ ማስነሻውን ተጫንኩ። ተነሣ፤ ግን ያ የለመድኩት ሰማያዊ ሥዕል አልመጣም። ጥቁር ስክሪን ላይ በነጭ እንግሊዝኛ ተጻፈ። እንግሊዝኛው አልከበደኝም፣ ስንት የዕቃ ዝርዝር አንብቤበታለሁ። ሃርድ ዲስኩ ሊበላሽ ተቃርቧል፣ በውስጡ ያለውን ቶሎ ገልብጥ፣ ለመቀጠል ይህን ቁልፍ ተጫን ይላል። ሃርድ ዲስክ የትኛው ዕቃ እንደሆነ አላውቅም። ገልብጥ የሚለውን አልፌ ለመቀጠል የሚለውን ያዝኩና ቁልፉን ተጫንኩ። ሽንቴን ሸንቼ፣ ሻይ አፍልቼ እስክመለስ ድረስ ሳይከፈት ቆየ። ሲከፈትም ቀስቷ ትንሽ ትሄድና ትቆማለች፣ ደግሞ ትሄድና ትቆማለች።

ዓርብ ማለዳ ኮምፒውተሩ ታሟል ብዬ ነቅዬ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ባጃጅ ውስጥ እንደ ሕፃን ታቅፌው የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ቀፊራ ገበያ አጠገብ የሚሠራው ሙክታር ጋ ሄድኩ። ሙክታር ጢሙን በሂና ያቀላ ጎልማሳ ነው፣ ኮምፒውተር ይጠግናል፤ በዕድሜ ብበልጠውም እንደ ድሬ ልጅነቱ በአንተ ነው የሚያናግረኝ። ፎጣውን ፈታና አየኝ። «አቦ፣ የቤቱን በር ነቅለህ አምጥተህ ዕቃዬን አውጣልኝ ትለኛለህ?» አለኝ። ለካ የወሰድኩት ስክሪኑን ብቻ ነው። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ፤ አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ከልቤ የሳቅሁት ያን ዕለት ነው።

ከዚያ ረጋ ብሎ አስረዳኝ። ድምፅሽ ያለው ከጠረጴዛው ዳር ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። ሳጥኑ ውስጥ የጸሎት መጽሐፍ የሚያህል ብረት አለ፣ በብረቱ ውስጥ የሚያብረቀርቅ ሰሃን እየዞረ በላዩ ላይ ቀጭን መርፌ ሳትነካው ትመላለሳለች። ሰሃኑ ማርጀት ሲጀምር ነው ያ ጽሑፍ የሚመጣው። ለጁምዓ ሊዘጋ ስለነበር ሳጥኑን ቅዳሜ ጠዋት እንዳመጣለት፣ እስከዚያም እንዳላስነሳው ነገረኝ። እሺ አልኩት። አንቺንም እሺ ብዬሽ ነበር።

ከቀፊራ ፍላሽ ገዝቼ ቤት ገባሁ። የማስነሳ አልነበርኩም። ስክሪኑን መልሼ ስሰካ ግን እጄ አላርፍ አለ። ቅዳሜ እስኪደርስ የሚሞት መሰለኝ፣ ገልብጥ ያለውንም አስታወስኩ። ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ የተጋደመበት ሰዓት ነው፣ ተው የሚለኝ ሰው የለም። ተጫንኩት።

ብዙ ቆይቶ ተከፈተ። «ለመክሊት» የሚለውን ማኅደር አገኘሁት። ከፈትኩት፤ አሥራ አንድ መስመር፣ እያንዳንዱ በስሙ። «ስታጥቢው»። «ጡት እምቢ ሲል»። «ሆዱን ሲቆርጠው»። «ከባልሽ ስትጣዪ»። «ስትፈሪ»። «ስለ እናቴ»። የመጨረሻው «ስለ አባትሽ» ይላል። እዚያ ላይ ዓይኔ ተተከለ። የጸሐፊ ልማድ ሆኖብኝ ወረቀት ስቤ የአሥራ አንዱንም ስም በተራ ጻፍኩ። ዕቃ ሳይቆጠር አይጫንም። ስሙን እየጻፍኩ አንዱን እንኳ ብጫነው ምናልባት ይናገር ነበር። መጀመሪያ ይገልበጥ፣ ከዚያ ይሰማል አልኩ።

አልተገለበጠም። አረንጓዴዋ መስመር ትንሽ ሄደችና ቆመች፤ ፋይሉን ማንበብ አልተቻለም አለ። አንድ በአንድ ሞከርኩ፣ ያው ነው። ከዚያ በራሱ ጠፍቶ በራሱ ተነሣና ዲስኩን ልመርምር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እንዴት አልፈቅድ። ቁጥሮች መውረድ ጀመሩ፣ እኔም ራሱን እያከመ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ሳጥኑን ብነካው ያቃጥላል። ክፍሉም ያቃጥላል። ቬንትሌተሩ የሚመልሰው ያንኑ ትኩስ አየር ነው።

አንቺን ሙቀቱ ትንፋሽ ሲያሳጥርሽ ምን አደረግን? ከፋጡማ ጋር አልጋሽን እንዳለ ጎትተን በረንዳ አወጣንሽ፣ መሬቱን ውኃ ረጨነው፣ ነፋስ ሲነካሽ ፊትሽ መለስ አለ። እኔ ከዚህ ሌላ መድኃኒት አላውቅም። ድሬ ውስጥ ሙቀት የያዘው ሁሉ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። የኤክስቴንሽኑን ገመድ አረዘምኩና ጠረጴዛውን ከነሳጥኑ ከነስክሪኑ፣ ቁጥሮቹ እየወረዱ፣ ወደ በረንዳው ጎተትኩት። ደፉ ጋ ስደርስ የጠረጴዛው እግር ያዘኝ። ሳብ ሳደርገው አንዴ ዘለለ፣ ከዚያም አንድ ስንዝር ወርዶ በረንዳው ላይ አረፈ። ምንም አልወደቀም። ከሳጥኑ ውስጥ ግን ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል መጣ። ቁጥሮቹም ቆሙ።

ያኔም አልገባኝም። መሬቱን ውኃ ረጨሁ። ይቀዝቅዝ ብዬ ጥላ ውስጥ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ጠብቄ ጠብቄ እንደገና ሳስነሳው የሚነሣበት ዲስክ አልተገኘም አለኝ። አሥር ጊዜ ሳስነሳው አሥር ጊዜ ያንኑ አለኝ።

ቅዳሜ ሳጥኑን ተሸክሜ ሙክታር ጋ ደረስኩ። ጆሮውን አስጠግቶ ቀጭ ቀጩን ሰማና ወዲያው አጠፋው። ምን እንዳደረግኩ ጠየቀኝ፤ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። በዚህኛው አልሳቀም። አዲስ አበባ ለሚሠራ ጓደኛው ደውሎ አንድ አፍታ አስነሳውና ቀጭ ቀጩን በስልክ አሰማው፤ ያም ሰው ከዚህ በኋላ ምንም አይወጣውም አለ። ሙክታር ብረቱን ከሳጥኑ ፈትቶ እጄ ላይ አኖረው። «ወላሂ ልዋሽህ አልችልም። እየዞረ ያለ ዲስክ አይነቀነቅም። መርፌዋ ሰሃኑን ፍቃዋለች» አለኝ። የማን ነው ብሎ ሲጠይቀኝ የሚስቴ ለማለት አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሱም አልደገመውም፣ ሻይ አስመጣልኝ።

ወደ ቤት በእግሬ ተመለስኩ። ደቻቱ ድልድይ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ወንዙ ደርቆ አሸዋ ነው፣ ፍየሎች ይሄዱበታል። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፤ ስለ ድምፁ የምናውቀው አንቺና እኔ ብቻ ነን። አንቺ አትናገሪም። መክሊት የማታውቀውን ነገር አጣሁ ብላ አታዝንም። ብረቱን እዚህ ብወረውረው ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል፣ ነገሩም አለቀ ደቀቀ። እጄን ዘርግቼ ነበር፣ አልዋሽሽም። ያልጣልኩት ልቤ ንጹሕ ስለሆነ እንዳይመስልሽ። አንቺን መወርወር ሆኖብኝ ነው። ኪሴ ውስጥ ከትቼው ገባሁ።

እሑድ መክሊት መጣች። እግሯ አብጧል፣ ፊቷ ያንቺን ፊት ሆኗል። በር ላይ ስትስመኝ ምን ይዋጠኝ አልኩ። ሁለት ቀን ሙሉ አልነገርኳትም። ባዶውን ጠረጴዛ አይታ ኮምፒውተሩ የታለ ስትለኝ ጥገና ላይ ነው አልኳት። ፋጡማ እየመጣች ወገቧን ታሽላታለች፣ ልጅቷ ስለ ምጥ ትጠይቃታለች፣ ስለ ማጠብ ትጠይቃታለች። ማክሰኞ ዕለት ለፋጡማ፣ «እማዬ ብትኖር አንቺን እንዲህ ባላደከምኩሽ» ስትላት ሰማኋት። ፋጡማ እንደወጣች ወረቀቱን አምጥቼ መክሊት ፊት አስቀመጥኩና ሁሉንም ነገርኳት።

አሥራ አንዱንም ስም በጣቷ እየተከተለች አነበበች። ጨርሳ እንደገና ከላይ ጀመረች። ትጮሃለች፣ ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ ቀና ብላ፣ «አባዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ከፍተህ አልሰማኸውም?» አለችኝ።

ከሁሉ የገደለኝ ይህ ነው፣ ትርሲትዬ። ዲስኩ ያረጃል፣ ዕቃ ነው። መጎተቴም አለማወቅ ነው ይባልልኛል። ያን ሁሉ ጊዜ ግን በሩን ዘግቼ ያስቀመጥኩሽ እኔ ነኝ። አንዴ ሰምቼው ቢሆን ግማሹ በጆሮዬ ይቀር ነበር። ፈራሁ ብቻ አልኳት። ተነሥታ ወደ ውስጥ ገባች፤ ምሳ አልበላችም፣ እራትም አልበላች። ፋጡማ ስትሰማ በአማርኛም በኦሮምኛም ሰድባኝ ሰድባኝ ሲወጣላት ደፉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ መክሊት ወጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አደረገች፣ ወረቀቱን ደግሞ ከጎኑ። «በል፣ የምታውቀውን አንተ ንገረው ለልጄ። እኔ ሦስት ቦታ አስቀምጠዋለሁ» አለችኝ። ስልኩን ነካችና ቁጥሩ መሮጥ ጀመረ። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ቁጥሩ ይሮጣል። ሐሙስም እንደዚያው። ትናንትም እንደዚያው። ልጅቷ ስልኳን አንሥታ ትገባለች፣ በማግስቱ ተመልሳ ታኖረዋለች።

አፌን የያዘው ምን እንደሆነ ትናንት ነው የገባኝ። ከተቀበርሽ ወዲህ ስምሽን በአፌ ጠርቼ አላውቅም። እሷ እላለሁ፣ የመክሊት እናት እላለሁ፣ ሰው ስምሽን ሲያነሣ ወሬ እቀይራለሁ። በወረቀት ግን ይኸው ከጠዋት ጀምሮ ስጽፈው ውያለሁ። ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ፤ አፌ እንዲለምድ።

የምለው ያንቺን አይተካም፣ አውቃለሁ። መክሊትን ስታጥቢያት አንገቷ ሥር የምታደርጊው ግራ እጅሽን እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ውኃው ምን ያህል ይሞቅ እንደነበር ግን አላውቅም። ጡት እምቢ ስትል አዝለሽ ግቢውን ታዞሪያት ነበር፤ የምትዪያትን ግን አልሰማሁም፣ ሥራ ላይ ነበርኩ። አሥራ አንዱን ባየሁት ቁጥር የማላውቀው ይበዛል። «ስለ አባትሽ» የሚለውን ባዶ እተወዋለሁ። ምን ብለሽ እንደነበር እስክሞት እያሰብኩ እኖራለሁ፣ ይገባኛልም።

አልረሳሽም ብዬ ልምልልሽ አልፈልግም፤ ረስቼሽስ መቼ አውቃለሁ። የነፈግኩሽ ጮክ ብሎ ማስታወስን ነው። ከነገ ጀምሮ ይህን አልነፍግሽም። ልጁ ሲወለድ ይሰማል፣ ሲያድግ ይሰማል፣ አያቴ አሰለቸን እስኪል ይሰማል። ነገ ከምሳ በኋላ መክሊት ስልኩን ስታኖረው ዓይኔን ጨፍኜ እጀምራለሁ። ከየት እንደምጀምርም መርጫለሁ። አያትህ ትርሲት ትባል ነበር እላለሁ።

ባልሽ